ለሚጮኽ ፍሬን ዘይት

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት የብስክሌት ፍሬን ዘይት ቀባሁ።

ይህን ጽፌ መልሼ ሳነበው ጆሮዬ ይግላል፤ ቢሆንም ሌላ አነጋገር የለውም። ፍሬን እንዳይንሸራተት የተሠራ ነገር ነው። ዘይት ደግሞ እንዲንሸራተት የሚያደርግ ነገር ነው። እኔ ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ሁለቱን በገዛ እጄ አገናኘኋቸው፤ ያውም ተጠንቅቄ፣ ጠብታ ሳላባክን፣ በንጹሕ ጨርቅ እኩል አዳርሼ።

ብስክሌቱ የልጄ ነው። ልጄ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ቤታችን ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነው። የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ሲሰለቻት አንድ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ገዛችና በእሱ ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድ ጀመረች። መውረዱን ነው እንጂ መውጣቱንማ ገፍታ ነው የምታመጣው። ቁልቁለታችን ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ኮብልስቶኑ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል፤ ታች መታጠፊያው ላይ ሚኒባሶች ግራ ቀኝ ሳያዩ ዘው ብለው ይገባሉ። እዚያ ቦታ ላይ በልጄና በሚኒባሱ መካከል ያለው ፍሬኑ ብቻ ነው።

ሰኞ ማታ ለአዳር ተራ ከመውጣቷ በፊት፣ «አባዬ፣ ፍሬኑ ሲጥ ሲጥ እያለ ሰው ያስቅብኛል። ሐሙስ ለሚያውቅ ሰው ላሳየው» አለችኝ።

ለሚያውቅ ሰው የምትለው ነገር ከነከነኝ። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ። የስፌት መኪናዬ ዛሬም መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ጤነኛ ናት። በእኛ ሙያ የሚጮኽ ብረት የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። መኪናዋ ሲጥ አለች? ሁለት ጠብታ። መቀሱ ጠነከረ? አንድ ጠብታ። የበሩ ማጠፊያ፣ የጃንጥላው ዘንግ፣ የጎረቤቴ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ሁሉም ከዚያች አፈ ቀጭን የዘይት ብልቃጥ ቀምሰው ዝም ብለዋል። ፍሬን ምን ስለሆነ ነው ከእነዚህ የሚለየው?

ማክሰኞ ጠዋት ልጄ አድራ ገብታ ተኛች። ሥራ የምትገባው ረቡዕ በአንድ ሰዓት ነው። እኔ ብልቃጤን ይዤ ወደ ግቢ ወጣሁ። ከጎማው መሐል ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት ተገጥሟል፤ ዲስክ ይሉታል። መሪው ላይ ያለውን እጀታ ሲጨብጡት ሁለት ትንንሽ የፍሬን ሸራዎች ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ቆንጥጠው ይይዙታል። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚያ ነበር። ለፊተኛው ሁለት ጠብታ፣ ላለማዳላት ለኋለኛውም ሁለት ጠብታ አደረግሁ። ጎማውን አሽከርክሬ እጀታውን ጨበጥኩት። ጸጥ። ሲጥም የለ፣ ምንም የለ። እንዲያውም ብቻዬን ሳቅሁ፤ «የሚያውቅ ሰው» እያልኩ።

እዚያ ላይ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። ግን አንድ ሱሪ ሰፍቼ ደንበኛው ሳይለካው አስረክቤ አላውቅም። ስለዚህ ብስክሌቱን ከበር አውጥቼ ጋለብኩት። በወጣትነቴ ጋላቢ ነበርኩ፤ ያ ወጣትነት ከእኔ ጋር አለመውጣቱን ያወቅሁት ሃያ ሜትር ከወረድኩ በኋላ ነው። እጀታውን ጨበጥኩ። አይይዝም። በሙሉ ኃይሌ ጨበጥኩት። ድንጋይ እንደመጨበጥ ነው፤ እጀታው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ብስክሌቱ ግን መንገዱን ቀጥሏል።

መታጠፊያው ጋ ከመድረሴ በፊት አንዲት ሴት ከእንጦጦ ያወረደችውን የባሕር ዛፍ ሸክም ከመንገዱ ዳር ግምብ አስደግፋ፣ አጠገቡ ቆማ ላቧን ትጠርግ ነበር። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ስታየኝ ፈጥና ገለል አለች። ሸክሙ ግን ገለል አላለም። እንጨቱ ላይ ወጣሁበት ብል ይቀላል። ገመዱ ተበጠሰ፣ እንጨቱ ተበተነ፣ እኔም መሐሉ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ተረፉ?» አለችኝ።

«ተርፌያለሁ።»

«ፍሬን የለውም እንዴ?»

«አለው። አሁን ነው ያደስኩት።»

እኔንም ብስክሌቱንም አየት አደረገችን። «ታዲያ ማን ነው ያቆመዎት?»

«ያንቺ እንጨት።»

«እንግዲያው እንጨቴ ሥራውን ሠርቷል። ገመዴን ግን በጥሰውብኛል። ይሄን ሁሉ በምን ልሸከመው ነው?»

በእጄ ምንም አልነበረም። ያለኝ የሱሪዬ ቀበቶ ነው፤ ወፍራም የቆዳ ቀበቶ፣ መያዣው ከነሐስ። ፈትቼ ሰጠኋት። የተረፈውን ገመድና ቀበቶውን ቀጣጥላ እንጨቱን አሰረችው። ወደ ጀርባዋ ስታነሣው አግዤ ደገፍኩላት፤ ያኔ ክብደቱን አወቅሁት፣ አፈርኩም።

«ገመድ ሲያመጡ ቀበቶዎን ይወስዳሉ» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት በዚሁ ነው የማልፈው። ሲመጡ ግን በእግርዎ ይምጡ።»

በአንድ እጄ ብስክሌቱን፣ በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ሱሪውን ለራሴ የሰፋሁት እኔው ነኝ፤ ወገቡን ለወደፊት ውፍረት ብዬ ሰፋ አድርጌዋለሁ። ውፍረቱ እስካሁን አልመጣም።

በር ላይ ስደርስ ነው ላብ ያጠመቀኝ። መውደቄ አይደለም። ልጄ ረቡዕ ጠዋት ተነሥታ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ይሄንኑ ብስክሌት ይዛ ትወርዳለች። መታጠፊያው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ እንጨት አይቆምም። አንድም እስከ ማታ አሠርቼ መገኘት አለብኝ፣ አንድም እሷን ቀስቅሼ ያደረግሁትን መንገር። ማሠራቱን መረጥኩ፤ ፈሪ ሰው ታታሪ ነው።

እዚህ ላይ ንዴቴ ይጀምራል። እስካሁን አልበረደልኝም፤ ስለዚህ አንባቢ ይታገሠኝ።

መጀመሪያ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ጎሚስታ ሄድኩ። ጢሙን ያሳደገ፣ ትከሻው ሰፊ ጎልማሳ ነው። «ፋዘር፣ ይሄማ ሽቦው ላልቶ ነው» አለኝ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ።

«ሽቦ የለውም እኮ። በቱቦው ውስጥ ዘይት ነው የሚገፋው አሉ።»

«ሽቦ የሌለው ፍሬን የለም ፋዘር። ውስጥ ነው ያለው፣ አይታይዎትም።»

ተነሥቶ እጀታው ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አዟዟራት። እጀታው ወደ ጣቴ ቀረበ። «አሁን እሳት ነው» አለኝ። አስፋልቱ ዳር ሦስት እርምጃ ገፍቼ ጨበጥኩት። እሳቱ የት እንደሄደ አላውቅም።

ቀጥዬ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ከመኪና ሥር እግሩ ብቻ ይታያል። ከዚያው ሆኖ ጠየቀኝ፤ «ምን ሆነ?»

«ፍሬኑ አይዝ አለ።»

«አየር ገብቶበታል። ዘይቱን አፍስሰን የመኪና ፍሬን ዘይት እንሞላዋለን። ትተውት ይሂዱ፣ ለሳምንት ይምጡ።»

«አላየኸውም እኮ።»

«ምኑን አየዋለሁ? ፍሬን ፍሬን ነው።»

ለእግሩ ተሰናብቼ ወጣሁ። ለሳምንት ይለኛል፤ ልጄ የምትወርደው ለነገ ነው።

ሦስተኛው ብስክሌት የሚሸጥበት ሱቅ ነበር። መስታወት በመስታወት፤ ብስክሌቶቹ እንደ ሙሽራ ተደርድረዋል። ሻጩ ስልኩን እያየ፣ «ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። እጀታው፣ ቱቦው፣ ከታች ያለው፣ ሁሉም» አለኝ።

«ለምን ይቀየራል?»

«አይዝም አሉ አይደል?»

«ለምን እንደማይዝ ሳታውቅ?»

ያኔ ቀና አለ። በሽማግሌ ሙግት የተሰላቸ ሰው ፊት ነበረው። «አባት፣ አዲስ ከገባለት ይይዛል» አለኝ። እኔም አዲስ ጉልበት ቢገባልኝ እሮጣለሁ።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ወጣሁ። ደንበኛ መጥቶ «ብብቴን ያዘኝ» ሲለኝ፣ ኮቱን አስለብሼ፣ ትከሻው ላይ እጄን ጭኜ፣ «እስቲ ክንድህን አንሣ፣ አሁንስ? እዚህ ጋ ነው?» ብዬ እንጂ መቀስ አንሥቼ አላውቅም። ሦስት ሰዎች፤ አንዱ በሌለ ሽቦ፣ አንዱ በሌለ አየር፣ አንዱ በሙሉ ቅያሬ ፈረዱብኝ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ዲስኩን በጣቱ አልነካውም። የሰው ልጅ በዚህ ነገር ቁልቁለት ይወርድበታል። እንዴት አይነካም?

እንዲህ እየተብሰለሰልኩ፣ ቢያንስ የሴትዮዋን ገመድ ልግዛ ብዬ ወደ ሰፈራችን ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሙስሊም ነው፤ አባቱ ከወሎ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ እሱ ይዞታል። ከመርፌ እስከ ምስማር፣ ከክር እስከ ገመድ እሱ ጋ አለ። የስፌት መኪናዬን ዘይትም ከእሱ ነው የምገዛው። እሱም ብስክሌት ይጋልባል፤ አንዳንድ ቀን ከሱብሒ ሰላት በኋላ እንጦጦ ደርሶ ሲመለስ በመስኮት አየዋለሁ። ለምን መጀመሪያ እሱ ጋ አልሄድኩም? ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስለ ፍሬን ያውቃል ብዬ ስላልገመትኩ ነዋ። መስኮት ሥር የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ግን ያውቃል ብዬ ነበር።

«ገመድ ስጠኝ፤ ጠንካራ፣ እንጨት የሚያስር» አልኩት።

«አባባ፣ እንጨት ለቀማ ጀመሩ?» አለኝ። ከዚያ ብስክሌቱን አየ። ወደ ሱሪዬም አየት አደረገና ምንም አላለም፤ ጨዋ ሰው ነው። «ብስክሌቱ ምን ሆነ?»

«ፍሬኑ አይዝም። ደግሞ አንተም ምን እንደሆነ ከዚያው ሆነህ እንዳትነግረኝ።»

ሳቀና ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ። እጀታውን ጨበጠ፤ ለቀቀ፤ እንደገና ጨበጠ። «ጠንካራ ነው። ስፖንጅ ስፖንጅ አላለም፣ ወደ መሪውም አልሰመጠም። አየር ቢገባበት እንዲህ አይሆንም። ቱቦውም አላንጠባጠበም።» ቁልቁል ተጎንብሶ በስልኩ መብራት ሸራዎቹን አያቸው። «ሸራውም አላለቀም። ስለዚህ መጨበጡንስ ይጨብጣል፤ የሚጨብጠው ነገር ነው የሚያንሸራትተው።»

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስጠብቀው የነበረውን አደረገ። ጣቱን ዲስኩ ላይ አሳረፈ። ሁለቱን ጣቶቹን አፋተጋቸው። ወደ አፍንጫው አቀረበ።

ቀና ብሎ አየኝ።

«አባባ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ይሄን ዘይት እኔ ነኝ የሸጥኩልዎት።»

መሬት ተከፍታ አልዋጠችኝም፤ ኮብልስቶን ስለሆነ ይሆናል። ለካ ቀኑን ሙሉ እየዞርኩ «ዲስኩን አልነኩም» ብዬ የምከሳቸው ሰዎች አንድም ቀን ዘይት አልቀቡትም። ከአራታችን ነገሩን በእጁ የነካው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለአንዳቸውም «ዘይት ቀብቼዋለሁ» ብዬ አልነገርኩም። ማን ይጠይቀኛል፣ ማንስ ይጠረጥራል? ግን እውነቱን ልናገር፣ እንዲያም ሆኖ ንዴቴ አልቀነሰም። ሲጠየቁ መናገር የእኔ ድርሻ ነበር፤ መጠየቅ ደግሞ የእነሱ።

«ጮኸብኝ ብለው ነው?» አለኝ።

«ጮኾባት።»

«አቧራና እርጥበት ነበር። በሳሙና ታጥቦ ቢደርቅ ይተወው ነበር።»

«ዲስክ አይቀባም ብሎ የጻፈበት ሰው የለም እኮ።»

«የሚቀባ ሰው ይመጣል ብለው አላሰቡም ይሆናል» አለኝ፣ እንደ ልጅ እየሳቀ።

የመኪና ፍሬን ዘይት ሊሞሉበት እንደነበር ስነግረው ሳቁን አቆመ። የዚህ ብስክሌት ፍሬን የሚሠራው በሌላ ዓይነት ዘይት እንደሆነ፣ የመኪናው ቢገባበት ውስጡ ያለው ጎማ አብጦ ፍሬኑ ከነጭራሹ ይበላሽ እንደነበር ነገረኝ። ለአንድ ሳምንት ቀጠሮ ምስጋና ማቅረብ እንዳለብኝ ያኔ ገባኝ። መካኒኩ ሥራ ባይበዛበት ኖሮ ወዲያው ያጠፋልኝ ነበር።

ዘይት የጠጣ ሸራ አይድንም፤ ይጣላል። ባለሱቁ ለራሱ ያስቀመጠውን አዲስ ሸራ ሸጠልኝ። እኔ ፋርማሲ ሄጄ አልኮል ገዛሁ። ፋርማሲስቷ «ቁስሉ የት ነው?» ስትለኝ «ብስክሌቱ ላይ» አልኳት፤ ደግማ አልጠየቀችኝም። ጎማዎቹን ፈታን፣ ዲስኮቹን በሳሙናና በሙቅ ውሃ፣ ከዚያ በአልኮል፣ ነጭ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ጠረግናቸው። በጨርቅ በመጥረግ ማንም አይበልጠኝም። እሱ ሸራዎቹን ቀየረ። «በጣትዎ እንዳይነኩት» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው እንዲነካልኝ ስለምን ቆይቼ፣ አሁን መንካት ተከለከልኩ።

«በቃ?» አልኩት።

«አልበቃም። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ደልዳላ መንገድ ላይ ፈጠን እያሉ፣ ጨርሰው ሳይቆሙ፣ ቀስ እያሉ መያዝ ነው። ለፊቱ ሃያ ጊዜ፣ ለኋላው ሃያ ጊዜ። ይሄ ሳይደረግ ነገ ቁልቁለት እንዳትወርድበት።»

«አንተ አታደርገውም?»

«የዐሥር ሰላት ደርሶብኛል» አለኝ። «ደግሞ ዘይቱን የቀባሁት እኔ አይደለሁም።»

ስለዚህ ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው ደልዳላ መንገድ ላይ፣ የታክሲ ሰልፍ የቆመው ሕዝብ ሁሉ እያየኝ፣ አርባ ጊዜ ሄጄ አርባ ጊዜ ያዝኩ። ቀበቶ ስለሌለኝ ሱሪዬን በአዲሱ ገመድ አስሬዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ጊዜ ሰው ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ አፋቸው ተከፈተ።

«አባባ ዛሬ መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ ነው» አለ አንዱ።

«ወገባቸውን ተመልከቱ፣ ገመዱ የደኅንነት ቀበቶ ነው» አለች ፌስታል የያዘች ሴት።

«አባት፣ እስከ ፒያሳ ይዘውኝ ይወርዳሉ?»

«ሃያ ሦስተኛ ላይ ነኝ፣ ቁጥር አታሳስተኝ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሰልፉ በሙሉ አብሮኝ ይቆጥር ጀመር። ሠላሳ ላይ ስደርስ ፍሬኑ እየነከሰ መምጣቱ ተሰማኝ። አርባኛው ላይ ኋላዬ ከኮርቻው እስኪነሣ ያዘኝ። አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ፤ ታክሲ መጣና ረሱኝ።

ቤት ስደርስ ልጄ ተነሥታ በር ላይ ቆማለች። ብስክሌቱን አየችና ጎንበስ አለች። «ሸራው አዲስ ነው» አለች። «ምን ሆኖ ነው?»

እዚህ ላይ ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ጎሚስታውን የሚያስወነጅል ጥሩ ውሸት። ግን ነገ በዚህ ነገር ላይ የምትወጣው እሷ ናት፤ ምን እንደነካው ማወቅ አለባት።

«ዘይት ቀባሁት» አልኳት።

«ምኑን?»

«ዲስኩን። ሁለቱንም።»

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ቁልቁለቱን አየችው፤ መታጠፊያው ከበራችን ይታያል። «አባዬ፣ ነቅቼ ወደ ገበያ ብወርድበትስ?» አለችኝ።

ለዚያች ጥያቄ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። እስካሁንም አላገኘሁም። «በልተሽ ነው የተኛሽው?» አልኳት በመጨረሻ፣ እንደ ማንኛውም አባት። እሷ ገብታ የዘይት ብልቃጤን ከስፌት መኪናዬ ጎን አነሣችና የራሷ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ብስክሌቱን ይዛ ወጣች፤ ከበር እስከ ግምቡ ድረስ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ እየያዘች እየለቀቀች ሞከረችው። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ፈታ ብሏል። «ከድሮው ይሻላል» አለች። «አንተ ግን ከእንግዲህ አትነካውም። ደግሞ ምን ሆነህ ነው በገመድ የታሰርከው?»

«ቀበቶዬ ተበላሸ» አልኩ። ዘይቱን ነው እንጂ መውደቄን አልነገርኳትም። ከነገርኳት በር ቆልፋብኝ ነው የምትሄደው።

ረቡዕ ጠዋት በመስኮት ቆሜ አየኋት። መታጠፊያው ጋ ሚኒባስ ዘው ብሎ ገባ። ብስክሌቱ ቆመ፤ ሲጥ እንኳ ሳይል። ሚኒባሱ አለፈ፣ እሷም አለፈች። እኔ ተቀመጥኩ።

ገመዱን አጥቤ በሩ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ። ሦስት ቀን በጠዋት ተነሥቼ ግምቡ ጋ ወረድኩ፤ በጉልበቴ ፍጥነት ስደርስ ሴትዮዋ ወርዳለች ይሉኛል። በሰዓቱ የምታገኛት ልጄ ብቻ ናት። እንዲያውም ባለፈው ሳምንት እራት ላይ፣ «አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት መታጠፊያው ጋ የማገኛት አንዲት እንጨት ተሸካሚ አለች። ሸክሟን የምታስርበት ቀበቶ ቁርጥ ያንተን ነው፤ መያዣው ሳይቀር» አለችኝ።

«ነሐስ ሁሉ ይመሳሰላል» አልኳት፣ ሽሮዬን እያየሁ።

«ሰላም ስላት ሁሌ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። ‹አባትሽ ደኅና ናቸው?› ትለኛለች። እኔን እንዴት አወቀችኝ?»

ብስክሌቱን ነው ያወቀችው። ገመዱን በልጄ እጅ ብልክላት ነገሩ በአንድ ጠዋት ያልቅ ነበር፤ ከገመዱ ጋር ግን መውደቄም አብሮ ይላካል። እስከዚያው ድረስ ገመዷ በራችን ጀርባ፣ ቀበቶዬ ጀርባዋ ላይ አለ። ሱሪዬን በመርፌ ቁልፍ ይዤዋለሁ።